ድምፃቸው ይሰማ፦ ልጆቻችን ወደ ክፍል ይዘውት ስለሚገቡት ነገር



ነገሩን ከራሳችን ጥፋት እንጀምር። ቀኑ ቅዳሜ ግንቦት 19 ቀን 2015 ነው። በዋዜማው፣ በዕለተ ጁሙዓ፣ በሸገር ከተማ የፈረሱትን መስጂዶች በመቃወም በታላቁ አንዋር መስጂድ ድምፅ ተሰምቶ፣ ጥይት ተተኩሶ፣ የሰው ሕይወት ጠፍቶ ነበር። እኛ የመድረሳ መምህራን ሌሊቱን ስልክ ስንደውልና ስንቀበል አድረን በማለዳው እንደ ወትሯችን ክፍል ገባን። ልጆቹ ተቀመጡ፤ ቢስሚላህ አስባልን፤ ቂርአቱን ካቆምንበት ቀጠልን። ከመካከላቸው አንድ የአስር ዓመት ልጅ ባለፈው ሳምንት እንደ ውሃ ያንበለበለው ሱራ ሦስተኛው አያ ላይ ጠፋበት። “ድገም” አልነው። ጠፋበት። “ስትጫወት ነው የከረምከው አይደል?” ብለን መዳፉን በልምጭ መታነው። በሚቀጥለው ቅዳሜም እንደዚያው ሆነ። በሦስተኛው ቅዳሜ እናቱ መጣች።

“ኡስታዝ፣ ልጄ ሱራውን አልረሳም” አለች። “ቤት ውስጥ አሳምሮ ይቀራዋል። ሰው ድምፁን ከፍ ሲያደርግበት ነው የሚጠፋበት።” ያን ጁሙዓ ልጁ ከአባቱ ጋር አንዋር ነበር። በአባቱ እጅ ተጎትቶ ሲሮጥ አንድ ጫማው ወልቆ ቀርቷል። ከዚያ ቀን ወዲህ ሌሊት ይባንናል፤ ፍራሹንም ያርሳል። ይህን የነገረችን በሹክሹክታ ነበር፤ ልጁ በሩ ላይ ቆሞ ይጠብቃታልና እንዳይሰማ ሰግታ።

“ዐፉ በለን” አልነው። ዐፉ አለን፤ በዚህስ ልጆች ከእኛ ይሻላሉ። ነገሩ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ አልለቀቀንም። ከተማው ሁሉ የሚያውቀውን እኛም እያወቅን፣ የራሳችንም ልብ እየተናወጠ፣ ያን ሁሉ ልጅ ፊታችን አስቀምጠን “ትናንት እንዴት ዋላችሁ? ምን አያችሁ?” ብሎ የጠየቀ አንድ መምህር አልተገኘም። “ድምፃችን ይሰማ” እያልን ዓመታት የጮህን ሰዎች ነን። ሰሚ አጣን ብለን ስንት ጁሙዓ እጃችንን አንስተናል! በየመድረሳችንና በየቤታችን ግን ልጅ አፉን ሲከፍት ቀድሞን የሚወጣው ቃል “ዝም በል” ነው።

ይህ የእኛ ብቻ ችግር እንዳልሆነ እናውቃለን። ያ ልጅ ሰኞ ዕለት የሄደበት የመንግስት ትምህርት ቤትም ከዚህ የተሻለ አልጠበቀውም። ከከፍተኛ ክፍል ደረሳዎቻችን አንዷ በዚያው ሳምንት በክፍሏ ስለ ጉዳዩ እጇን አውጥታ ጠይቃ ነበር። የተሰጣት መልስ “ይሄ ፖለቲካ ነው፤ ቁጭ በይ” የሚል ነበር። ከዚያ መምህሩ ወደ ሰሌዳው ዞሮ የዕለቱን ትምህርት ጻፈ። የዕለቱ ትምህርት ምን ነበር? ፍትሕ።

ይህን ስንሰማ ሳቅም ለቅሶም ነው የመጣብን፤ እኛም ያለፍንበት ነውና። በሠላሳዎቹ ዕድሜ ያለን ሰዎች የሥነ ዜጋና ሥነ ምግባር መጽሐፍ አስራ አንዱን እሴቶች በቃላችን እንወጣቸዋለን፦ የዴሞክራሲ ሥርዓት ግንባታ፣ የሕግ የበላይነት፣ እኩልነት፣ ፍትሕ፣ የአገር ፍቅር፣ ኃላፊነት እያልን እስከ ቁጠባና እውቀትን መሻት ድረስ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ትምህርቱ በፕላዝማ ቴሌቪዥን መጣ። በፕላዝማው ውስጥ ያለችው መምህርት “አሁን ጥያቄውን ተወያዩበት” ብላ ትንሽ ትጠብቅና፣ እኛ ወንበር አዙረን ሳንጨርስ፣ ትቀጥላለች። ጥያቄ አትቀበልም፤ ልትቀበልም አትችልም። ፈተና ላይ ሁሉንም እሴቶች በትክክል እናከብባለን። ከትምህርት ቤቱ አጥር ውጪ የምናየው ግን ሌላ ስለነበር፣ ያ ትምህርት በመካከላችን መቀለጃ ሆኖ ቀረ። በጥር 2004 የአወሊያ ተማሪዎች፣ የዐረብኛ መምህራኖቻቸው ሲባረሩ ለምን ብለው ሲነሱ፣ በመጽሐፉ ላይ ያለውን “የኅብረተሰብ ተሳትፎ” የሚለውን ምዕራፍ ነበር በተግባር የፈጸሙት። ያገኙት ማርክ ምን እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን።

አሁን መጽሐፉ ተቀይሯል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ሥርዓተ ትምህርት ለታናናሾቹ ግብረ ገብ፣ ለታላላቆቹ የዜግነት ትምህርት ተብሎ ይሰጣል። በመጽሐፎቹ ውስጥ መከባበር፣ ቁጣን መቆጣጠር፣ አለመግባባትን በውይይት መፍታት የሚሉ መልካም ነገሮች አሉ፤ አንክድም። ሆኖም ቁጣን ስለመቆጣጠር የሚማረው ልጅ በምን እንደተቆጣ ካልተጠየቀ ትምህርቱ ምን ላይ ያርፋል? መምህራኑን አንወቅስም። ስልሳና ሰባ ልጅ በአንድ ክፍል ታጭቆ፣ ደመወዙ ወር ሳይጋመስ አልቆበት፣ በዚያ ላይ አንድ ቃል ቢያመልጠው ማን እንደሚጠራው የማያውቅ መምህር “ቁጭ በይ” ቢል ምን ይደንቃል? እኛ በመስጂድ ጥላ ስር ሆነን እንኳ ያላደረግነውን እሱ ብቻውን እንዲያደርግ አንጠብቅም።

ግን ክፍሉ ዝም ሲል ዝምታ አይደለም የሚተካው። ስልክ ነው የሚተካው።

ባለፈው ዓመት አንድ የስምንተኛ ክፍል ልጅ ከመግሪብ በኋላ መጥቶ ስልኩን ዘረጋልን። በቴሌግራም የደረሰው ቪዲዮ ነው፤ የሚነድ መስጂድ ያሳያል። ከስሩ የአንድ የአገራችን ከተማ ስም ተጽፎበታል። ልጁ እጁ ይንቀጠቀጣል። “ኡስታዝ፣ ዛሬ ነው! ምንድነው የምንጠብቀው?” ይላል። እኛም ደንግጠን አየነው። ሁለተኛ ስናየው ግን ከሚነደው ሕንፃ አጠገብ የሱቅ ታፔላ አለ፤ ጽሑፉ አማርኛም ኦሮምኛም ትግርኛም ዐረብኛም አይደለም። “ይህን አንብብልን” አልነው። ዝም ብሎ ቆየና “አላየሁትም ነበር” አለ። ቪዲዮው የሌላ አገር ነበር። ለስንት ሰው እንዳስተላለፈው ስንጠይቀው አንገቱን ደፋ። ለሦስት ግሩፕ ልኮታል።

እዚህ ላይ አንድ የሚያሳፍር ነገር እንናገር። ይህ ልጅ ሱረቱል ሑጁራትን በቃሉ ሐፍዟል። ፋሲቅ ዜና ይዞ ሲመጣ፣ ሳናውቅ ሰዎችን ጎድተን በኋላ እንዳንጸጸት፣ አስቀድመን እንድናጣራ የሚያዘውን ስድስተኛውን አያ ተጅዊዱን ሳያዛንፍ ይቀራዋል። የቱ ላይ እንደሚሳብ፣ የቱ ላይ እንደሚቆም አስተምረነዋል። ኪሱ ውስጥ ላለው ስልክ እንደወረደ ያህል አድርገን ግን አላስተማርነውም።

ወቅታዊ ነገር በክፍል ውስጥ መነሳቱ ለዲናችን እንግዳ የሆነ ይመስል “መድረሳ ውስጥ ዜና?” የሚሉን አሉ። ሱረቱ ሩም እንዴት እንደሚጀምር እናስታውስ። በዘመኑ ሁለቱ ታላላቅ መንግስታት፣ ሩምና ፋርስ፣ ይዋጉ ነበር። ሩም ተሸነፈ። የመካ ሙሽሪኮች ለፋርስ ሲደሰቱ፣ ሙስሊሞቹ ኪታብ ላላቸው ለሩሞች አዘኑ። ወሕዩም ይህንኑ የሰሞኑን ወሬ አንስቶ፣ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነገሩ እንደሚገለበጥ ተናገረ። መካ ውስጥ የሚደበደቡና የሚሰደቡ ጥቂት ሙእሚኖች ስለ ሩቅ አገር ጦርነት ይነጋገሩ ነበር ማለት ነው። ወደ አገራችን የተሰደዱትም ቢሆኑ በነጃሺ ፊት ሲቀርቡ ጀዕፈር ኢብኑ አቢ ጧሊብ የተናገረው ምን ነበር? የራሳቸውን የትናንትና ታሪክ ነው፤ ምን እንደነበሩ፣ ምን እንደደረሰባቸው፣ ለምን እንደመጡ። ሳይጮህ፣ ሳይሳደብ፣ ከዒሳና ከመርየም ታሪክ ለንጉሡ የሚቀርበውን መርጦ ቀራ። የተቆጣ ሰው፣ የተበደለ ሰው፣ እንዲህ መናገር ከቻለ አንድ ቦታ ተምሮታል።

በሌላው ዓለም ይህን “ማኅበራዊና ስሜታዊ ክህሎት” ብለው በትምህርት ዓይነት ደረጃ ያስተምሩታል። ሲዘረዝሩት አምስት ነገር ይላሉ፦ ራስን ማወቅ፣ ራስን መግዛት፣ የሌላውን ሰው ሁኔታ መረዳት፣ ግንኙነትን መጠበቅ፣ በኃላፊነት መወሰን። ስሙ አዲስ ነው። ነገሩን ግን ሙሐሰባ፣ ሶብር፣ ራሕመት፣ ሱልሕ፣ ሹራ እያልን በየኹጥባው እንጠራዋለን። ችግራችን እንደ ስም እንጂ እንደ ልምምድ አለማስተማራችን ነው። “ሶብር አድርግ” እንላለን፤ እንዴት እንደሚደረግ አናሳይም። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ግን እንዴቱን አሳይተዋል፦ የተቆጣ ሰው ቆሞ ከሆነ እንዲቀመጥ፣ ቁጣው ካልለቀቀው ጋደም እንዲል መክረዋል። ይህ ለስድስት ዓመት ልጅ እንኳ የሚገባ የሰውነት ትምህርት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን እኛን የሚያስደንቀን የአነስ (ረ.ዐ) ታናሽ ወንድም የአቡ ዑመይር ነገር ነው። ትንሽ ልጅ ነበር፤ የሚጫወትባት ወፍ ሞተችበትና አዘነ። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ወፏን በስሟ እያነሱ ምን እንደሆነች ጠየቁት። የኡማ ጉዳይ ጫንቃቸው ላይ ያለ ነቢይ ስለ አንዲት የሞተች ወፍ ከልጅ ጋር ተነጋገሩ። እኛ ስለጠፋ ጫማ አልጠየቅንም።

በአማርኛችን “ሆድ ይፍጀው” የሚባል አለ። ወንድ ልጅ አያለቅስም እንላለን። የዕቁብ (ዐ.ሰ) በዩሱፍ ናፍቆት ዓይናቸው እስኪነጣ አልቅሰዋል፤ ነቢያችን ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት ዓይናቸው አንብቷል። የቱን ነቢይ አይተን ነው ልጆቻችንን ሆድ ይፍጀው ያልናቸው?

ከዚያ ቅዳሜ በኋላ መጀመሪያ ልምጩን ከክፍል አወጣን። (ሕገ መንግስቱ በአንቀጽ 36 ልጅ በትምህርት ቤትም ሆነ በማሳደጊያ ከአካል ቅጣት ነፃ ነው ይላል። መብታችን ይከበር ብለን አንቀጽ 27ን ስንጠቅስ ኖረን፣ ዘጠኝ አንቀጽ ወረድ ብሎ ያለውን የልጆቻችንን መብት አለማንበባችን ገርሞናል።) ቀጥሎ ከቂርአቱ በፊት ሃያ ደቂቃ ለሐለቃ ወሰንን። ልጆቹ ክብ ሠርተው ይቀመጣሉ። የሳምንቱን የሰማውን መናገር የፈለገ ይናገራል፤ ያልፈለገ አይገደድም። “አየሁ” እና “ሰማሁ” ይለያሉ። የሰማ ልጅ ከማን እንደሰማ ይናገራል። የማንንም ሃይማኖትና ብሔር በስድብ ስም መጥራት አይፈቀድም። ለትንንሾቹ ቪዲዮ ማሳየት ፈጽሞ ክልክል ነው፤ ስለ ፍርሃታቸው እንጂ ስለ ዜናው ዝርዝር አናወራቸውም። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አስቂኝ ነበሩ። ለብዙ ጊዜ የተወራው ስለ አርሴናልና ማንችስተር ነበር፤ ተውናቸው።

የከበደው ቀን የመጣው በ2017 ዓ.ም. የአክሱም እህቶቻችን ጉዳይ ሲነሳ ነው። በከተማዋ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ሒጃብ የለበሱ ከአንድ መቶ ሃምሳ የሚበልጡ ተማሪዎች ከክፍል መታገዳቸው፣ ለአስራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ለመመዝገብም መከልከላቸው በየስልኩ ሲዞር፣ የእሑድ ከሰዓቱ የታላላቆቹ ክፍል ገና ሳንቀመጥ ፈላ። አንድ የአስራ ስድስት ዓመት ወንድ ልጅ ተነስቶ “ሁሉም ይጠሉናል! በቃ!” አለ። ከኋላ አንዲት ልጅ ማልቀስ ጀመረች። እሷም በዚያ ዓመት ተፈታኝ ነበረች። ቀስ ብላ “እኔ ብሆን ምን አደርግ ነበር? ሒጃቤን ላውልቅ ወይስ አስራ ሁለት ዓመት የተማርኩትን ልተው?” አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። የቀድሞ እኛ ብንሆን ኖሮ እዚህ ላይ ኹጥባ እንጀምር ነበር። ያን ቀን ግን ሌሎቹ ልጆች እንዲመልሱላት ተውን። አንዷ “እኔ እንጃ” አለች። ሌላዋ “እናቴን እጠይቅ ነበር” አለች። ማንም ጀግና አልሆነም፤ ለቅሶዋ ግን በረደላት። አጠገቧ የነበረችው እጇን ይዛ እንደነበር ያየነው በኋላ ነው።

ከዚያ ወደ ልጁ ዞርን። “ሁሉም ማን ናቸው? ሰሌዳው ላይ ጻፍልን” አልነው። መጀመሪያ “የአክሱም ሰዎች” ብሎ ጻፈ። ከዚያ እርስ በርስ ሲከራከሩ ዝርዝሩ ተበታተነ። የከለከሉት የትምህርት ቤቶቹ አመራሮች ናቸው። የክልሉ ትምህርት ቢሮ ግን ልጆቹ ሒጃባቸውን ለብሰው እንዲማሩ መመሪያ ሰጥቷል። ጉዳዩን ወደ ፍርድ ቤት የወሰደው የክልሉ እስልምና ጉዳዮች ምክር ቤት ነው። የአክሱም ፍርድ ቤት ደግሞ ክልከላውን የሚያግድ ጊዜያዊ ትዕዛዝ ሰጥቷል። በጥር ወር መቀሌ ላይ በሰላማዊ ሰልፍ የወጡትም የዚያው የክልሉ ልጆች ናቸው። “የአክሱም ሰዎች” የሚለው መስመር ስድስት ሰባት መስመር ሆነ፤ ከጎናቸውም ዝም ያሉ ብዙዎች። ተፈታኟ ልጅ ዓይኗን ጠርጋ፣ የፊዚክስ አስተማሪዋ ክርስቲያን ሆኖ ሳለ በዒድ ማግስት የነበረውን ፈተና ለእነሱ ሲል እንዳዛወረ ተናገረች። ልጁ “እሱ አንድ ሰው ነው” አለ። አልተከራከርነውም። እውነቱን ነው፤ አንድ ሰው ነው።

ደወል ሊደወል ሲል ያው ልጅ እጁን አወጣ። “ኡስታዝ፣ ፍርድ ቤት አገደ ማለት ምን ማለት ነው? ፈረደ ማለት ነው?” አለ። አይደለም አልነው፤ ክርክሩ እስኪያልቅ ጉዳቱ እንዳይቀጥል ማስቆም ማለት ነው፤ ፍርዱ ገና ነው። ግማሽ ሰዓት ሙሉ “ይጠሉናል” ሲል የነበረ ልጅ የሕግ ጥያቄ ጠየቀ። ቁጣው አልጠፋም፤ እንዲጠፋም አልፈለግንም። በግፍ የማይቆጣ ልጅ ማሳደግ ዓላማችን አይደለም። ቁጣው መያዣ አገኘ ማለት ግን ይቻላል።

አሁን ወደ ስጋቱ እንምጣ፤ ወላጆች ነግረውናልና። አንድ አባት በግልጽ “ልጆቼን ቁርኣን እንድታስቀሩልኝ ነው የላክሁት፤ ፖለቲካ አታስተምሩብኝ” ብለውናል። እኒህ አባት ፈሪ አይደሉም፤ በዚህ ትግል ውስጥ የታሰረ ወንድም ያላቸው ሰው ናቸው። ህዝበ ሙስሊሙ “ስልጠና” የሚል ቃል ሲሰማ ጆሮው የሚቆመው በምክንያት ነው። በ2003 ክረምት በሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የተጀመረው የአሕባሽ ስልጠና ምን እንዳስከተለ ሁላችንም በሕይወታችን አይተናል። ሰውን ሰብስቦ ምን ማመን እንዳለበት መንገር ትምህርት አይደለም። ሕገ መንግስቱም በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ፣ ከፖለቲካ ወገንተኝነትና ከባህል አድልዎ ነፃ ይሁን ይላል። አገሪቱ ነገ ተነስታ “ወቅታዊ ጉዳዮች” የሚል የትምህርት ዓይነት ብትጀምርና መጽሐፉ የአንድ ወገን መግለጫ ሆኖ ቢመጣ፣ የመጀመሪያው ተቃዋሚ ይህ ልሳን ይሆናል።

ይኸው ሚዛን ግን ለእኛም ነው፤ ይህን የምንለውም ለአንዳንድ ወንድሞቻችን እንደሚከብዳቸው እያወቅን ነው። ይህ ልሳን የትግል ልሳን ነው። መድረሳ ግን የቅስቀሳ ቦታ አይደለም። የሰባት ዓመት ልጅ የማያነበውን ጽሑፍ አስይዞ ፎቶ ማንሳት ትክክል አይደለም፤ ጽሑፉ እውነት ቢሆንም። ከሐለቃው በፊት እኛ መምህራን እርስ በርስ የተማማልነው አንድ ነገር አለ፦ የራሳችንን ፍርድ ለልጆቹ አስቀድመን አንሰጥም። ልጅ “ኡስታዝ እርስዎስ ምን ይላሉ?” ሲለን “አንተ ያልከውን ጨርስና እነግርሃለሁ” እንላለን። ያላወቅነውንም አላውቅም እንላለን። ከሁሉም የከበደን ይሄኛው ነው፤ ኡስታዝ አላውቅም ሲል ሰምተው የማያውቁ ልጆች መጀመሪያ ላይ ሳቁብን።

ሌላም ያጋጠመን አለ። ሐለቃው የሚሸከመው ሁሉንም አይደለም። ሌሊት የሚባንን፣ የሚያርስ፣ መብላት ያቆመ፣ ራሱን የሚጎዳ ልጅ ሲገጥም የመድረሳ መምህር ሐኪም አይደለም። የአንዋሩ ልጅ እናት ጎረቤቶች “ጂን ነው” ብለዋት ሦስት ሳምንት ሩቅያ ስታስቀራ ነበር። ሩቅያን አንከለክልም፤ ሱንና ነው። ግን መድኃኒት መፈለግም ሱንና ነው። እግሩ ለተሰበረ ልጅ ወጌሻም ሐኪም ቤትም የምንሮጥ ሰዎች፣ ልቡ ለተሰበረ ልጅ አማኑኤል ሆስፒታልን የእብድ ቤት ብለን የምንሸሽበት ምክንያት አይታየንም። ልጁ በኋላ ሐኪም አየው። ሌሊት መባነኑ ቀርቷል፤ ጥይት የሚመስል ድምፅ ሲሰማ ግን አሁንም ፊቱ ይለዋወጣል።

ለየመስጂዱ ኮሚቴዎች ያለን ልመና አጭር ነው። ለምንጣፍና ለድምፅ ማጉያ ሶደቃ ስታሰባስቡ ለመድረሳው ተጨማሪ አንድ ክፍልና አንድ ሴት መምህርት ጨምሩበት። ሴት ልጆቻችን ለእኛ ለወንዶቹ የማይነግሩን ብዙ ነገር አለ። ለትምህርት ቢሮዎች የምንለው ደግሞ የግብረ ገቡ መጽሐፍ መልካም ነው፤ ለመምህሩ ግን ከመጽሐፉ ጋር ከለላም ስጡት። “ዛሬ ምን ሆናችሁ?” ብሎ ክፍሉን የጠየቀ መምህር ማታ ለምን ጠየቅህ ተብሎ የሚጠራ ከሆነ የሚጠይቅ አይኖርም። በአንድ ክፍል ውስጥ ሙስሊምና ክርስቲያን ልጆች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ እኛ መድረሳ ውስጥ በአንድ ወገን ልጆች ብቻ የምናደርገውን ውይይት እነሱ በሁለቱም ልጆች ማድረግ ይችላሉ። ይህ እኛ የሌለን ዕድል ነው።

ለወላጆች፦ ሐለቃው በየቅዳሜው ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ይጀምራል፤ የታላላቆቹ እሑድ ከዐስር በኋላ ነው። የተጠራጠራችሁ፣ ያልተስማማችሁ፣ ፖለቲካ ነው ያላችሁ ሁሉ መጥታችሁ ከኋላ መቀመጥ ትችላላችሁ። አንድ ነገር ብቻ እንጠይቃለን፤ ልጃችሁ ሲናገር ከአፉ አትንጠቁት። ከላይ ያነሳናቸው አባትም ላለፉት ሁለት ወራት እየመጡ ነው። አሁንም አልተስማሙም። ባለፈው ቅዳሜ ግን ልጃቸው ሲናገር ሰምተው ከወጡ በኋላ በሩ ላይ አስቁመውን “ይሄን ለእኔ ነግሮኝ አያውቅም” አሉን።